ጥላ በማዕረግ

የመሥሪያ ቤቶቻችንን ትጋት የሚጠራጠር ሰው ካለ አንድ ቀን «የቆዳ ካንሰር መከላከልና ቅድመ ምርመራ ግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ» ላይ ተጋብዞ ይምጣ። አዳራሹ ከሆቴሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም፤ ቢኖረውም ፕሮጀክተሩ እንዲታይ መጋረጃው ይወርዳል። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃና ከረሜላ ተደርድሯል፤ ከመድረኩ ጀርባ ቢጫ ፀሐይ የተሳለችበት ባነር ተወጥሯል። በዚያ አዳራሽ በዕለቱ የምትገኘው ብቸኛ ፀሐይም እሷው ናት። ተሳታፊው በር ላይ ፈርሞ ሲገባ የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ ያለበት ነጭ ቆብ ይረከባል፤ እዚያው ያጠልቀዋል፤ ቀኑን ሙሉ ከአምፖል ራሱን ሲከላከል ይውላል። የሰው ሀብቱ፣ የፋይናንሱ፣ የግዥው፣ የሕዝብ ግንኙነቱ ባለሙያ ሁሉ ተሟልቶ ተገኝቷል። የቀረ ቢኖር ፀሐይ ላይ የሚሠራው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን የቀረው በበቂ ምክንያት ነው፤ ሥራ ላይ ነው።

ይህን ልማድ ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ለነገሩ ከሳይንሱ አንጻር ብናየው እንከን አይወጣለትም። የቆዳ ካንሰርን ለመከላከል ዋናው ነገር ከጠንካራ ፀሐይ መራቅ ነው ይባላል፤ መሥሪያ ቤቱም ሠራተኛውን ከፀሐይ አርቆ ምድር ቤት አስገብቷል፤ ከቡና ዕረፍትና ከውሎ አበል ጋር። ችግሩ ያለው አንዲት ትንሽ ቦታ ላይ ነው። መከላከሉ የደረሰው ድሮም ፀሐይ ለማይደርስበት ሰው ነው። በአገራችን ጥላ የሚታደለው እንደ ማዕረግ ነው፤ የካንሰር መከላከሉም ያንኑ የቆየ ሥርዓት አክብሮ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ሲወርድ መንገድ ላይ ያልቃል። ነገሬ ይኸው ነው፤ ቀሪው ማስረጃ ነው።

በገለጻው እንጀምር። ስላይዱ ከውጭ የመጣ ነው፤ ጠቃጠቆ የሞላባቸው ጉንጮች፣ ቀይ ፀጉር፣ ባሕር ዳር የተጋደሙ ሰዎች ይታዩበታል፤ የጣናዋን ባሕር ዳር ማለቴ አይደለም። ቀጥሎ ምክሩ ይመጣል፦ «ከ10 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከፀሐይ ይጠበቁ!» ተርጓሚው ቃሉን ተርጉሞ ሰዓቱን ረስቶታል። በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ፀሐይ የምታዘቀዝቅበት ነው፤ 4 ሰዓት ደግሞ ጅብ የሚጮህበት። ከዚህ አንጻር የግንባታ የቀን ሠራተኛው አንድም ሥልጠና ሳይወስድ ምክሩን ከሞላ ጎደል በምስጉን ታማኝነት እየፈጸመ ነው። 11 ሰዓት ላይ አካፋውን ያስቀምጣል፤ 12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ከዚያ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ፀሐይ የነካው ሠራተኛ ካለ ይቅረብ። እውነተኛው የጨረር ሰዓት፣ ማለትም ከጠዋቱ 4 እስከ ከሰዓት በኋላ 10፣ በፖስተሩ ላይ ስላልተጻፈ ማንም አይጠየቅበትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ ፖስተሩ ተሰቅሎ ከርሟል።

ጥላ የማዕረግ ምልክት መሆኑ ዛሬ የመጣ አይደለም። በነገሥታቱ ዘመን ከጌታው ራስ በላይ ጥላ የሚይዝ ሰው ነበረ፤ ታቦት ሲወጣ በወርቀዘቦ ጥላ ታጅቦ ነው። ለታቦቱ የሚገባውን ክብር አልነካም፤ የምነካው ያንን ክብር የወረሰውን የመሠረት ድንጋይ ሥነ ሥርዓት ነው። ድንኳኑ ከዋዜማው ይተከላል፤ ነጭ ልብስ የለበሱ ወንበሮች ይደረደራሉ። ክቡር እንግዳው ከመኪና ወርደው እስከ ድንኳኑ ያሉትን ሃያ እርምጃዎች ሲሄዱ አንድ ወጣት ከኋላቸው ጃንጥላ ይዞ ይከተላል። ድንጋዩ ይቀመጣል፤ ሲሚንቶው በማንኪያ በምታክል ማንጠፍጠፊያ ይነካል፤ ጭብጨባ ይከተላል። ከድንኳኑ ገመድ ወዲያ፣ ከአሸዋው ክምር አጠገብ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁለትና ሦስት ዓመት እዚያው ሜዳ ላይ የሚውሉት ሠራተኞች ቆመው ያያሉ። አንዷ ነጠላዋን አፍንጫዋ ድረስ ጠምጥማ ከላዩ የገለባ ባርኔጣ ደፍታበታለች፤ አንዱ የሲሚንቶ ከረጢት ቀዶ ማጅራቱ ላይ ጥሏል። ለግማሽ ሰዓት ቆይታ ድንኳን፣ ለሦስት ዓመት ቆይታ ከረጢት መሆኑ ነው። ማታ ድንኳኑ ተነቅሎ ወደ አከራዩ ይመለሳል። እንዲተውላቸው የጠየቀ የለም፤ በውሉ ላይም አልተጻፈም።

ፀሐይ ላይ መሥራት የሙያ አደጋ መሆኑን ለመረዳት ምድር ቤት መግባት አያስፈልግም። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የፀሐይ ጨረር በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የመደበው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2023 በጋራ ባወጡት ግምት በ2019 በመላው ዓለም 1.6 ቢሊዮን ሰው በሥራው ምክንያት ለፀሐይ ጨረር ተጋልጧል፤ ወደ 19,000 የሚጠጉ ሰዎችም ሜላኖማ ባልሆነው የቆዳ ካንሰር ሞተዋል፤ የሞቱትም ውጭ በመሥራታቸው ነው። በዚህ ዓይነቱ ካንሰር ከሚከሰቱት ሦስት ሞቶች አንዱ ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው እንደማለት ነው። ጀርመን ከ2015 ጀምሮ በፀሐይ ጨረር የሚመጣውን አንዱን የቆዳ ካንሰር ከሥራ የመጣ በሽታ አድርጋ ካሣ ታስከፍልበታለች። ጀርመን ፀሐይ በልመና የምትወጣበት አገር ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የጨረሩ ኃይል 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከምድር ወገብ ያለን ርቀትም ጥቂት ስለሆነ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ በቀጥታ አናታችን ላይ ትቆማለች። የነሐሴው ደመና ያድነናል የሚል ካለ ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር እንደሚያሳልፍ ይወቅ።

እዚህ ላይ ከአዳራሹ ኋላ እጅ ይወጣል። «እኛ ጥቁሮች ነን፤ ይኸ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ ለጉልበት ሠራተኛ ባርኔጣና ጥላ እያሉ ማስጨነቅ ምንድነው?» ጥያቄው ትልቅ እውነት ስላለበት በሽሙጥ ብቻ ልንሸኘው አንችልም። ጥቁር ቆዳ በተፈጥሮው መከላከያ አለው፤ በታወቀ አንድ ልኬት መሠረት ወደ 13 የሚጠጋ መከላከያ ቁጥር እንዳለው ቅባት ያህል ያገለግላል፤ የነጭ ቆዳ ግን ከ3 ብዙም አያልፍም። በቆዳ ካንሰር የሚያዘው ጥቁር ሰው ከነጩ እጅግ ያነሰ ነው፤ ጥቁር ሰው ላይ የሚወጣውን ሜላኖማም ፀሐይ እንደምታመጣው የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ከላይ የጠቀስኩት 19,000 ሞትም ከሁሉም ቆዳ እኩል የተዋጣ አይደለም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ጠያቂው ልብ ይበል፤ ክርክሩ እውነት ከሆነ መጀመሪያ የሚያፈርሰው ቆብ ያጠለቀውን የአዳራሹን ተሳታፊ ነው። ለጥቁር ቆዳ የማያስፈልግ ከሆነ ለጥቁር የሂሳብ ሹም ለምን አስፈለገ? ፀሐይ ለማያውቀው ሰው አደጋው እውን ይሆናል፤ ፀሐይ ላይ ለሚውለው ሲደርስ የፈረንጅ በሽታ ይሆናል። እንዲህ ያለ በሽታ በሕክምና ታሪክ አልታየም፤ የደመወዝ እርከን ለይቶ የሚይዝ።

ደግሞም ሰው ቆዳ ብቻ አይደለም፤ ዓይንም አለው፤ ዓይን ደግሞ ያንን የተፈጥሮ ካባ አልለበሰም። በዓይን ነጭ ክፍል ላይ የሚወጣው ካንሰር በምሥራቅ አፍሪካ በብዛት ይታያል፤ የፀሐይ ጨረርና ኤች አይ ቪ ዋና አጋሮቹ ናቸው። የዓይን ሞራ በአገራችን ቀዳሚው የዓይነ ስውርነት ምክንያት ነው፤ ለዓመታት የተጠራቀመ ጨረርም የራሱን ድርሻ ያዋጣበታል። ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ወደ ዓይን የሚደርሰውን ጨረር ይቀንሳል፤ ለሠራተኛው የሚታደለው የግንባታ ሄልሜት ግን ክፈፉ ከግንባር አያልፍም፤ ጆሮና ማጅራት ለአሠሪው ቸርነት የተተዉ ናቸው። ሙቀቱን፣ ራስ ማዞሩን፣ የውኃ ጥሙን ጨምሩበት። ጥላ ለካንሰር ባይባል እንኳ ለእነዚህ ያስፈልግ ነበር።

ይህ ሁሉ ቀርቶ አንድ ሰው ብቻ ቢቀርልን፣ ከአልቢኒዝም ጋር የሚኖረው ሠራተኛ ቢቀርልን፣ የፈረንጅ በሽታ የሚለው ክርክር ፊቱ ላይ ይፈርሳል። በአፍሪካ ከ5,000 እስከ 15,000 ከሚሆን ሕዝብ መካከል አንድ ሰው ከአልቢኒዝም ጋር እንደሚወለድ ይገመታል። እንዲህ ላለ ሰው የፀሐይ ካንሰር ገና በወጣትነቱ የሚመጣ ገዳይ ነው፤ ዓይኑም ስለሚደክም ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ማንበብ ይቸግረዋል። ትምህርቱን ያቋርጣል፤ ያቋረጠ ሰው የሚያገኘው ሥራ ደግሞ ጉሊት፣ እርሻ፣ ሸክም ነው፤ ሁሉም ፀሐይ ላይ። እንግዲህ የሥራ ቦታ መከላከል የሚባል ነገር በዓለም ላይ ካለ ለዚህ ሰው ጥላ ሥር ያለ ሥራ መስጠት ነው፤ አንዲት የመዝገብ ቤት ወንበር ነፍስ ታድናለች። መሥሪያ ቤቶቻችን ግን ይህን በሚገርም ጥበብ ይወጡታል፤ ሰኔ 6 ቀን የሚውለውን ዓለም አቀፍ የአልቢኒዝም ቀን በማኅበራዊ ሚዲያ «እንኳን አደረሳችሁ» ብለው ያከብራሉ፤ የቅጥር ፈተናውን ጽሑፍ በትልቅ ፊደል ማተም ግን በጀት ይጠይቃል። የፀሐይ መከላከያው ቅባት ከማስዋቢያው ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጥ እንደ ቅንጦት ይታያል። ታንዛንያ ግን ሞሺ ከተማ ውስጥ፣ ከኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ፣ ኪሊሰን የሚባል ቅባት እዚያው ተመርቶ ከአልቢኒዝም ጋር ለሚኖሩ ሰዎች እንዲደርስ ይደረጋል። የኛ መድረክ ደግሞ ናሙና ቅባት ሲያድል ያገኘው የተሳታፊዎቹን ቦርሳ ነው፤ ከዚያም ለሠርግ ሜካፕ ሥር ይውላል።

ወደ ቅድመ ምርመራው እንለፍ፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ጠረጴዛ ወጥቶ ሠራተኛው የሚሰለፍበት ማለቴ ነው። ነጭ ካፖርት የለበሰው ባለሙያ እጅጌህን ሰብስብ ይላል፤ ክንዱን ያያል፤ አንገቱን ያያል፤ «ምንም የለብህም፤ ማርያም ስማህ ነው» ብሎ ይሸኛል። ፎቶ ይነሣል። ጫማ የሚያወልቅ ግን የለም፤ ምንጣፉ አዲስ ነው፤ ካልሲውም የራሱ ምሥጢር አለው። ጉዳዩ ያለው ግን ጫማ ውስጥ ነው። ጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ የሚመርጠው ቦታ ውስጥ እግር፣ መዳፍና የጥፍር ሥር ነው። ለዚህ ምስክር ከሩቅ መጥራት አያስፈልገንም። ቦብ ማርሌ በ1977 የእግሩ አውራ ጣት ላይ የወጣበት ነገር በኳስ የመጣ ጉዳት ተደርጎ ታይቶ ነበር፤ ሜላኖማ ሆኖ ተገኘ፤ በግንቦት 1981 በ36 ዓመቱ ገደለው። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተብሏል። በ2005 ስድሳኛ የልደት በዓሉን ለማክበር መስቀል አደባባይን ያጥለቀለቀ ከተማ ከዘፈኑ በተጨማሪ ያችን ጣቱን ቢያስታውስ ምን ነበረበት? ሌላው የተረሳው የቆየ ጠባሳ ነው። ለዓመታት ያልዳነ ቁስልና የቃጠሎ ጠባሳ ጊዜውን ጠብቆ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። የሥራ ቦታ ቃጠሎ ደግሞ ከሂሳብ ክፍል ይልቅ ከብየዳ ቤትና ከወጥ ቤት አይጠፋም።

«ቢሆንም ምርመራ ምርመራ ነው፤ ቀድሞ መገኘቱ ያድናል» የሚለው ክርክር የማይደፈር ይመስላል፤ የደፈሩት አሉ። ጀርመን ከ2008 ጀምሮ ዕድሜው 35 የሞላውን ሁሉ በየሁለት ዓመቱ በነፃ ትመረምራለች። መነሻው በሰሜን በሽሌስቪግ ሆልስታይን በ2003 እና በ2004 ከ360,000 በላይ ሰው የታየበት ሙከራ ነበር፤ በሜላኖማ የሚሞተው ሰው ቁጥር መጀመሪያ የወረደ መሰለ፤ ቆየት ብሎ ወደነበረበት ተመለሰ። በአገር አቀፍ ደረጃም የተጠበቀው ቅናሽ አልታየም። የአሜሪካ የበሽታ መከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይልም በ2023 ምልክት የሌለበትን ሰው ሁሉ በዓይን መመርመር ይጥቀም ይጉዳ ለመወሰን የሚበቃ ማስረጃ የለም ብሏል። በሽታው ከኛ አሥር እጥፍ በላይ በሚበዛባቸው አገሮች ምርመራው እንዲህ ካከራከረ፣ በኛ የእንግዳ መቀበያ ላይ ጫማ ሳይወልቅ የሚደረገው ምርመራ የሚያገኘው ምን እንደሆነ መገመት ነው። እኔ እስከማየው የሚያገኘው ፎቶ ነው። ይህ ማለት ምርመራ ይቅር ማለት አይደለም። ከአልቢኒዝም ጋር የሚኖር ሠራተኛ በየስድስት ወሩ የቆዳ ሐኪም ይየው፤ እግሩ ሥር እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነገር ያየ፣ ጥፍሩ ሥር ሰረዝ የወጣበት፣ ቁስሉ አልድን ያለው ሰው ፈቃድ ሳይለምን፣ የቀኑ ክፍያ ሳይቆረጥበት ወደ አለርትም ሆነ ወደ ሌላ ሆስፒታል ይሂድ። ይህ ግን ባነር አያሠራም።

ሌላው ተቃውሞ የዋሆቹ የሚያነሡት ነው፤ «ከምንም ይሻላል፤ ግንዛቤ የነገር ሁሉ መጀመሪያ ነው።» አውስትራሊያም የጀመረችው በግንዛቤ ነው ይላሉ፤ ማርሌ በሞተበት በ1981 ነው ሲድ የሚባል የባሕር ወፍ በቴሌቪዥን ወጥቶ ሸሚዝ ልበሱ፣ ቅባት ተቀቡ፣ ባርኔጣ አድርጉ እያለ የዘፈነው። ልክ ነው። ግን አውስትራሊያ ዘፈኑ ላይ አልቆመችም። በብዙ ትምህርት ቤቶቿ ባርኔጣ የሌለው ልጅ ፀሐይ ላይ አይጫወትም፤ ውጭ የሚሠራ ሰው ለቅባትና ለባርኔጣ ያወጣውን ከግብር ያቀናንሳል። ኩዊንስላንድ ውስጥ በተደረገ ሙከራም ቅባቱን በየቀኑ የተቀቡት ሰዎች አንደኛው ዓይነት የቆዳ ካንሰር 40 በመቶ ያህል ቀንሶላቸዋል፤ ቁም ነገሩ «በየቀኑ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። እኛ ከዚህ ሁሉ የወሰድነው ዘፈኑን ነው። ግንዛቤው ሁልጊዜ እንደ አዲስ የሚጀምርበት አገር ከኛ ሌላ ካለ ለመማር ዝግጁ ነኝ።

ገንዘብ የለም ይባላል ደግሞ፤ ሥራም ይጓተታል። ስለ ገንዘቡ የአዳራሹን ኪራይ፣ የምሳውን፣ የቆቡንና የአበሉን ደረሰኝ ከአንድ ሸራና ከአራት አጣና ዋጋ ጋር ማስተያየት ለግዥ ክፍሉ እተዋለሁ፤ ሰዎቹ ሠልጥነዋል። ስለ መጓተቱ ግን ምስክሮቻችን ባሕር ተሻግረው ሄደዋል። ሳዑዲ ዓረቢያ በበጋው ወራት ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት በቀጥታ ፀሐይ ሥር ማሠራትን ትከለክላለች፤ ኳታር ከ2021 ጀምሮ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ድረስ አስፍታዋለች። ያደረጉት ለሙቀቱ ብለው ነው፤ ለስደተኛው ባላቸው ርኅራኄም ዓለም አያውቃቸውም። እንዲያም ሆኖ ፎቆቻቸው ከመቆም አልቀሩም። ሕጉም እኛ ዘንድ አልጠፋም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ፣ የአደጋ መከላከያ ልብስና መሣሪያ እንዲያቀርብ ያዝዛል። ፀሐይ አደጋ መሆኗን አዋጁ በስም ስላልጠራት አሠሪው ከእሷ ጋር በሰላም ይኖራል።

በመጨረሻ የሚመጣው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከምሳ በኋላ፣ «ሠራተኛው ራሱ ግድ የለውም፤ ቢሰጡትም ባርኔጣ አያደርግም፤ ባህሉ አይደለም» የሚለው ነው። መንገድ ጠራጊዋ ማንም ሳያስተምራት፣ ማንም ሳይከፍላት፣ ዓይኗ ብቻ እስኪቀር በነጠላ ተጠቅልላ ከላዩ ባርኔጣ ደርባ፣ ከጎዳናው ግራና ቀኝ ጥላ ወደዞረበት እየተሻገረች ስትጠርግ ትውላለች። ኮብልስቶን ጠራቢው ጆንያ በሁለት እንጨት ወጥሮ ከሥሩ ይቀመጣል፤ ፀሐይ ስትዞር ጆንያውን ያዞራል። እረኛውም ቢሆን ዋርካውን ያውቃል። ፎርማን መጥቶ «ጆንያውን አንሣ፤ እንግዶች ይመጣሉ፤ ያስጠላል» እስኪል ድረስ የቆዳ መከላከሉ ሥራ በዚያ ሜዳ ላይ ያለ በጀት ሲካሄድ ነበር።

ለሚቀጥለው ዓመት መድረክ አንድ ሐሳብ ለአዘጋጆቹ አቀርባለሁ። አዳራሹ ይቅርና ገለጻው ግንባታው ሜዳ ላይ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10፣ ወንበር ሳይኖር ይደረግ፤ ክቡር እንግዳውም ጃንጥላ ያዡን ቢሮ ትተውት ይምጡ። ያን ቀን ከሰባት ሰዓት ሳያልፍ ሸራው ተገዝቶ፣ አጣናው ተተክሎ፣ ውኃው ቀርቦ እንደሚገኝ በሙሉ ልብ እገምታለሁ። ፎርማኑም ጆንያውን አንሣ አይልም፤ ሥሩ ቦታ ካለ ጠይቆ ይጠጋል።